በሞላ ሰልስት ላይ የሳቅሁት ሳቅ

ወገኖቼ፣ በደለኛው ወንድማችሁ ይበልጣል ኃጢአቴን ልናዘዝ። ዛሬ ከጡት ጀምሮ አብሮኝ ባደገው በሞላ ሰልስት ላይ፣ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሳቅሁ።

ጥፋቱ ግን የትልልቆቹ ነው።

አልቃሿ "ወይፈን ገሪው፣ የፎገራው አንበሳ!" ብላ ሙሾ አወረደች። ሞላ እኮ ወይፈን ሲያይ ዛፍ ላይ የሚወጣ ልጅ ነበር!

ጎረቤታችን አያ ታከለም ደረታቸውን እየደቁ "ትሑቱ ልጄ!" አሉ። በዚሁ አጨዳ ሰሞን ከሩዝ ማሳቸው በዱላ እያባረሩት "ምነው ይህን የሰይጣን ቁራጭ ወባ በጠረገችልኝ!" ያሉት እሳቸው ናቸው።

ወባም ታዛዥ ናት፣ ሰማቻቸው።

እንደ ልማዴ "ሰማህልኝ?" ብዬ ሞላን በክርኔ ጎሸም ላደርገው ዞርኩ። የጎሸምኩት በሞላ ቦታ ከጎኔ የተቀመጡትን መሪጌታን ሆነ።

ሳቄ ያን ጊዜ አመለጠኝ። አፌን በጋቢ አፍኜ ከድንኳኑ ጀርባ ሮጥኩ።

የወረታ ልጆች፣ እናንተስ ለቅሶ ላይ ስቃችሁ ታውቃላችሁ? ሳልወገዝ ቶሎ ጻፉልኝ።

እዚሁ ከድንኳኑ ጀርባ ሆኜ ይህን እየጻፍኩ የመሪጌታ ፊት ትዝ ብሎኝ እንደገና ሳቅሁ። እኔ ስስቅ ሞላ ከጎኔ እንደማይጠፋ የሚያውቁት እናቱ ከድንኳኑ እየሮጡ ወጡ። ግራ ቀኜን ፈለጉ።

"ይበልጣል!" አሉኝ። "ብቻህን ነህ እንዴ?"