ከእንጦጦ ጀርባ «እንኳን ደስ አላችሁ!» ያልኩ ዕለት

ባለፈው እሑድ ረፋዱ ላይ... ከእንጦጦ ጀርባ ባለው ጫካ ውስጥ በሳይክል ቁልቁል እየወረድኩ ነበር። ከኋላዬ የወደፊት አማቴ አሉ። «የወደፊት» ያልኩት ገና ሽማግሌ ስላልላክሁ ነው። የዚያን ዕለት ጉዞም ዋና ጉዳዩ ይኸው ነበር።

ጋሽ ደምሴ የፍቅረኛዬ የቤዛ አባት ናቸው። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ የሚስማርና የቁልፍ ሱቅ አላቸው፤ የሰፈሩ ዕድር ዳኛም እሳቸው ናቸው። ስድሳን ካለፉ ቆይተዋል፤ ግን አሁንም ሱቃቸው የሚሄዱት በሳይክል ነው። ሳይክሏ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች።

እኔ ደግሞ... ራሴን ማሞገስ አይሁንብኝና፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ የማላውቀው ፒስታ መንገድ የለም። እሑድ እሑድ አብረን ለምንነዳ ልጆች መንገድ የማወጣው እኔ ነኝ። አስፋልት አንወድም። ጠጠር፣ አፈር፣ ጫካ ለጫካ የሚሄድ መንገድ ነው የእኛ። ስልኬ ላይ መስመሩን አሰምራለሁ፣ ከዚያ ተከተሉኝ ነው። አንድም ቀን ሰው ይዤ ጠፍቼ አላውቅም።

ቤዛ ይህንን ለአባቷ አውርታላቸው ኖሮ አንድ ቀን ሱቃቸው በር ላይ አስቆሙኝ።

«መንገድ ታውቃለህ አሉ?»

«በደንብ ነዋ ጋሼ!»

«እንግዲያው እሑድ ይዘኸኝ ሂድ። ልጄን ከመውሰድህ በፊት እስቲ እኔን ስትወስደኝ ልይህ።»

ፈተና መሆኑ ገብቶኛል። ግን ደስ አለኝ... ሌላ ነገር ቢጠይቁኝ ነበር የምፈራው።

ከቅዳሴ በኋላ ጊዮርጊስ በር ላይ ተገናኘን። ሽሮ ሜዳን አልፈን ዳገቱን ተያያዝነው። እውነቱን ለመናገር እሳቸው አልደከማቸውም፤ «ውሃ ልጠጣ» እያልኩ የምቆመው እኔ ነበርኩ። አናቱ ላይ ስንደርስ አስፋልቱን ትተን ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባን። ቅዝቃዜው ደስ ይላል፣ የደረቀው ቅጠል ከጎማ ሥር ይንኮሻኮሻል። ከዚያ ጫካው በአንዴ ያልቅና ሸለቆው ፊት ለፊት ይመጣል... ታች ወንዝ፣ የጤፍ ክምር፣ አምስት ስድስት ቤቶች። ጠጠሩም ደቃቅ ነው፣ ጎማ አያንሸራትትም። ጋሽ ደምሴ ፍሬን ይዘው ቆሙ።

«ይሄ ሁሉ ከፒያሳ እንዲህ ቅርብ ነው እንዴ?» አሉ።

አለቀ! ቤዛን አገባኋት፣ አልኩ በሆዴ።

ጉድ የሠራኝም ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ፍጥነት ጨመርኩ፤ ግማሽ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነው። ታች ድንኳን ይታየኛል። ትንሽ እንደወረድኩ ነጭ የለበሰ ብዙ ሰው መንገዱን ሞልቶ ወደ ድንኳኑ ሲሄድ ደረስኩበት። ወሩ ጥር፣ ቀኑ እሑድ፣ ድንኳን አለ፣ ነጭ ልብስ አለ... ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ዝም ማለታቸውን እንኳ «ሙሽሮቹ ስላልደረሱ ነው» ብዬ ተረጎምኩት።

ደወሌን አቃጨልኩ። እጄን አነሳሁ። ጮክ ብዬም...

«እንኳን ደስ አላችሁ!»

ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየኝ። አንድም የሚስቅ የለም።

የሴቶቹን ነጠላ ልብ ያልኩት ያኔ ነው። ሁሉም ዘቅዝቀው ነው የለበሱት። ጥለቱ ታች መሆኑ ቀርቶ አንገታቸው ሥር ነው። ለካ ከቀብር እየተመለሱ ነው!

ዞር ስል ጋሽ ደምሴ ገና ሩቅ ሳሉ ከሳይክላቸው ወርደው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እየገፉ ይመጣሉ። የዕድር ዳኛ ለቅሶን ከማዶ ነው የሚያውቀው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አጠገቤ ሲደርሱ «ውረድ» አሉኝ በቀስታ።

«እንመለስ ይሆን ጋሼ?»

«የምን መመለስ? ለቅሶ ላይ ደርሶ ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው አለ? ገብተን እንቀመጣለን።»

ገባን። እኔ ሰውነት ላይ ልጥፍ የምትል የሳይክል ቁምጣ ነው የለበስኩት። አንዲት እናት አየት አደረጉኝና ነጠላ አምጥተው እግሬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ንፍሮ መጣ። ጋሽ ደምሴ ዕድሜ ልካቸውን እዚያ ሰፈር የኖሩ ይመስል ስለ ሟቿ ይጠይቃሉ፣ ያጽናናሉ። እኔ አፍሬ ቀና ማለት አቃተኝ።

በመጨረሻ የሟቿ ትልቅ ልጅ ወደ እኛ መጡ። ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

«ይቅርታ አባቴ... ሰርግ መስሎኝ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ።

«እናቴ ዕድሜ ጠግባ፣ የልጅ ልጅ አይታ ነው የሄደችው። ብትሰማህ ትስቅብህ ነበር» አሉኝ። «ለመሆኑ አንተስ አግብተሃል?»

ከሁሉ ጥያቄ ይህቺን! ወደ ጋሽ ደምሴ አየሁ። እሳቸው ንፍሯቸውን እያነሱ «እሱን እያየን ነው» አሉ።

ስንመለስ ዳገቱን ሙሉ ከፊት የመሩት እሳቸው ናቸው። እኔም ስልኬን ኪሴ ከትቼ ከኋላ ከኋላ ተከተልኳቸው። ምኒልክ አደባባይ ስንደርስ ወረዱ።

«መንገዱ ጥሩ ነው» አሉ።

«አመሰግናለሁ ጋሼ።»

«ሰው አስቀይመህም አልሸሸህም። ተቀመጥክ፣ ይቅርታ ጠየቅክ። በል ሽማግሌ ላክ።»

በደስታ ልዘል ስል እጃቸውን አነሱ።

«ግን ሽማግሌዎቹን አንተ እንዳትመራቸው... ለቅሶ ቤት ታስገባቸዋለህ።»

ሽማግሌዎቹ ለፊታችን ቅዳሜ ተቀጥረዋል። በታክሲ ነው የሚሄዱት... የት እንደሚወርዱ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ እሷን ግን ለጋሽ ደምሴ እንዳትነግሩብኝ።