ከአስፋልቱ የወረደው የመጀመሪያ ውሃ

«የእህትሽን ኩሬ ንገሪን» ይሉኛል የልጅ ልጆቼ። አፌን ይመረኛል፤ ቢሆንም እነግራቸዋለሁ።

እኔ አንድ ቤት መቀመጥ አልችልም። ዛሬ ጀጎል ግንብ ውስጥ ልጄ ዘንድ፣ ነገ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር፣ ሲሰለቸኝ ደግሞ ሶፊ ገጠር ታላቅ እህቴ ጋ። እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀራት ትንሽ ጫት፣ አንዲት ላምና ከጓሮ ያስቆፈረችው ኩሬ ነበር። ኩሬው ከደረቀ ላሚቱም ጫቱም የሉም።

ከቤቷ ከፍ ብሎ አስፋልት ተነጠፈ። የዚያን ዓመት ሰማዩ ጨከነብን። ፀሐዩ አስፋልቱን እያቀለጠ ጫማዬን ይዞ አላስኬድ ይለኝ ነበር፤ ሽታው ራስ ያዞራል። የጫት መኪኖች ይከንፉበታል፣ ዘይታቸው ይንጠባጠባል፣ ጎማቸው ይፋቃል። ዝናብ የለ፣ የሚያጥበው የለ፣ ሁሉም እዚያው ተጋግሮ ከረመ።

በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ዝናብ በረካ ነው፣ ማንም አያሳልፈውም። ደመናው ሲጠቁር እህቴ ዶማዋን ይዛ ወጣች፤ ከመንገዱ ዳር እስከ ኩሬዋ ቦይ ቀደደች። ዝናቡ ወረደ። ውሃው ጥቁር ሆኖ መጣ፣ ላዩ ቀስተ ደመና መስሎ ያብለጨልጫል።

«ነዳጅ ነዳጅ ይላል እኮ!» አልኳት።

«አንቺ ዟሪ! አላህ የሰጠውን ውሃ ደግሞ ታሸቻለሽ? እንግዳ ነሽ፣ አርፈሽ ቁጭ በይ!»

እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ ሳቀች። ባሏን ከቀበረች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እኔም እንዳለችኝ ቁጭ አልኩ።

ኩሬው ሲሞላ ቦዩን ደፈነችው። ከዚያ በኋላ የዘነበው ሁሉ፣ ኩልል ያለው ውሃ፣ በደጇ አልፎ ገደል ገባ።

ላሚቱ ኩሬውን አሽትታ ተመለሰች። ውሃ ጥም ሲጠናባት ግን ጠጣች። ወተቷ ነጠፈ፣ ከሳች፣ አንድ ቀን ወድቃ አልተነሳችም። እህቴ «ዓይን ነው» አለች። የጎረቤቷን ሴት ዓይን። በረመዳን እንኳ በአንድ ማዕድ ሳያፈጥሩ፣ ሰላም ሳይባባሉ ቀሩ። ጫቱም ቅጠሉ እየጠወለገ ሄደ፤ እህቴ ድሬ ጠያራ የሚኖር ልጇ ቤት ገብታ፣ የሰው እጅ እያየች እዚያው ሞተች።

እሷ ከተቀበረች ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ የውሃ ሥራ ሰው ነገረኝ። ከረጅም ፀሐይ በኋላ አስፋልት ላይ የሚወርድ የመጀመሪያ ዝናብ የከረመውን መርዝ ጠራርጎ ይወርዳል አለ። እሱን መልቀቅ ነው፣ ለኩሬ የሚያዘው ከእሱ በኋላ የሚመጣው ነው።