በጓሳ ሸለቆ ያወጣኋት ቃል

ይህ የሆነው ሞባይል ስልክ ገና ከሚሴ በገባበትና ሰው ሁሉ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ለጉብታ በሚዞርበት ሰሞን ነው። ዘሃራን ካገባኋት አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል፤ እሷ ስለዚያ ቀን አንስታ አታውቅም። እኔ ግን የሴሚስተር ፈተና አልቆ ዕረፍት በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ብቻዬን ተቀምጬ እንኳ ፊቴ ይግላል።

አስቀድሜ ስለ ራሴ እውነቱን ልናገር። ቀናተኛ ነኝ። ለጨዋታ የሚወራውን ዓይነት ሳይሆን እንቅልፍና ምግብ የሚከለክለውን ዓይነት። ዘሃራ አንድ ቀን የዜና አንባቢው ድምፅ ያምራል ብትል ሬዲዮኑን “ባትሪው አልቋል” እያልኩ ሁለት ሳምንት ዘግቼዋለሁ። ሥጋ ሻጩ ሽንጡን መርጦ ቢሰጣት ልኳንዳ ቀይሬያለሁ። ሰውየው ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሐጂ ነበሩ።

እንዲህ ላለ ሰው ዘሃራ የተባረከች ሚስት ነበረች። ዘመዷ ያልሆነ ወንድ አትጨብጥም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ትላለች፣ በቃ። በሠርጋችን ዕለት የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር እጃቸውን እንደዘረጉ ቀርተዋል። ሰው ሁሉ ተሳቀቀላቸው፤ እኔ በሆዴ ደስ አለኝ።

የጉዞውን ሐሳብ ያመጣው ጓደኛዬ ኡመር ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ካርታ ሲያይ እግሩን ይበላዋል። ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ የሚወጣውን ተራራ እኛ ከበረንዳ እያየነው ሳንወጣው ልንሞት ነው ወይ እያለ ስንት ቀን ነዘነዘን። በመጨረሻ እሱ ከሚስቱ ከራህመት ጋር፣ እኔም ከዘሃራ ጋር ሆነን ወደ መንዝ ወጥተን፣ በጓሳ ሜዳና ሸለቆ ውስጥ ሦስት ቀን በእግራችን ልንዞር ተስማማን። እንዲህ ያለ ሽርሽር በቤተሰባችን ታይቶ አይታወቅም። እናቴ ምን ጎደለባችሁ ብላ ነበር።

የት እናድራለን የሚል ጥያቄ ሲነሳ ዘሃራ፣ ጌታነህ አለልን፣ እሱ ይቀበለናል፣ እነሱ ቤት እናድራለን አለች። የተናገረችው ሁላችንም እንደምናውቀው ነገር አድርጋ ነው።

ጌታነህ ማነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ቀናተኛ ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ እንደሚታወቅበት ያውቃል። ይልቅ ኡመርን ዘወር አድርጌ ጠየቅኩት። የዘሃራ አባት አላህ ይዘንላቸውና ከሰንበቴ በርበሬና ጨርቅ እየጫኑ መንዝ ወጥተው ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ይዘው የሚወርዱ ነጋዴ ነበሩ፤ የእሳቸው ደንበኛ ይሆናል አለኝ። ተረጋጋሁ። ሱረት የሚያሸት ሽማግሌ በዓይነ ሕሊናዬ ስዬ ተኛሁ።

ሽማግሌው ቀርቶ ጎልማሳም አልነበረም። ከአጣዬ በእህል ጫኝ አይሱዙ እስከ ዳገቱ ወገብ ከወጣን በኋላ መንገድ ዳር በቅሎ ይዞ ጠበቀን። ረጅም ነው፣ ጥርሱ ነጭ ነው፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ አስሯል። በግምት የዘሃራ እኩያ ነው። ዘሃራ ከመኪናው ዘላ ወረደችና ሮጣ ሄደች። ጉንጯን አገላብጦ ሳማት። እሷም አገላብጣ ሳመችው።

የርዕሰ መምህሩ እጅ አየር ላይ እንደቀረ ትዝ አለኝ። ራህመት አንዴ ወደ እኔ አየችና ዓይኗን ሰበረች። ሰውየው ወደ እኔ መጥቶ ተጠመጠመብኝ፤ ሙሽራው አንተ ነህ፣ እናቴ መምጣትህን በጉጉት ነው የምትጠብቀው እያለ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔ እንደ ግንድ ቆሜ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዳገት የወጣሁት በእግሬ ነው ለማለት ይከብደኛል። ቆላ ተወልጄ ቆላ ያደግኩ ሰው ነኝ። ጆሮዬ ጮኸ፣ ራሴን ወቀረኝ፣ ትንፋሼ አጠረ። ዘሃራና ጌታነህ ፊት ፊት እየሄዱ ይሳሳቃሉ። የልጅነት ነገር ነው የሚያወሩት፤ አንድ የሞተ ውሻ፣ አንድ የወደቁበት ጉድጓድ። እኔ የሌለሁበት ዘመን አላቸው። በዚያ ላይ የምናየው አገር ልብ ይሰርቃል። የጓሳው ሣር እስከ አድማስ ይተኛል፣ የጅብራው ተክል ቆሞ ሰው ይመስላል፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ በመንጋ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፣ ከገደሉ አፋፍ ወደ ታች ሲያዩ የጨፋ ሜዳ በጭጋግ ውስጥ ይታያል። ኡመር በደስታ ሊያብድ ደርሶ ነበር። እኔ የማየው የአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው።

ጅረት በመጣ ቁጥር ያ እጅ ይዘረጋል፣ ሚስቴም ይዛው ትሻገራለች። አንዱ ጅረት ላይ ቀድሜ እኔ ላሻግራት ብዬ ሮጥኩ፤ ድንጋዩ አንሸራተተኝና እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ገባሁ። ስቦ ያወጣኝ ጌታነህ ነው። ቦርሳዬንም ከዚያ ወዲህ እሱ ተሸከመልኝ። ሰው በሚቀናበት ሰው ቦርሳውን ከማሸከም የባሰ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ከቀትር በኋላ ሸለቆው ውስጥ ስንደርስ የበልግ ደመና በድንገት ተሰብስቦ በረዶ አወረደብን። ከአለት ሥር ያለ እረኞች የሚጠለሉበት ዋሻ አገኘንና ሴቶቹን አስቀደምን። ዘሃራ ሻሿ ርሶ ስለነበር ልታደርቅ ፈታችው። ኡመር ይህን ሲያይ ወጣ ብሎ በረዶው እየመታው ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ቆመ። ዘሃራ የሠፈራችን ልጅ ናት፤ ኡመር ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል፤ ግን ጸጉሯን አይቶ አያውቅም፣ እንዲያይም አይፈልግም። ጌታነህ በዚያው ቅጽበት ደረቅ ሣር ታቅፎ መጣና ሰተት ብሎ ገባ። ዘሃራ አልተንቀሳቀሰችም። ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ እሱ ሣሩን ሲያነጥፍላት፣ ባናውን ሲያለብሳት አመሰገነችው።

በአገራችን ይህን ነገር ያየ ባል ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ቢያንስ እኔ አልፈለግኩም። ነይ ውጪ አልኳት። ወጣች፣ ጸጉሯ እንደተገለጠ። በረዶው እያባራ ነበር።

“ፈትቼሻለሁ” አልኳት።

የጮኽኩ አልመሰለኝም ነበር፤ ኋላ ኡመር እንደነገረኝ ግን ጭላዳዎቹ ሳይቀሩ ሸሽተዋል። ኡመር ዞረ። “አዑዙ ቢላህ! ምንድነው ያወጣኸው?” አለ። ዘሃራ ሲጨንቃት ኦሮምኛው ነው የሚቀድማት።

“ማል ታቴ፣ ሰይድ?” አለችኝ። ምን ሆነሃል ማለቷ ነው።

የምትስሚውን ሰውዬ ጠይቂ አልኳት። ወደ ዋሻው ዞር ብላ ጌታነህን አየች፣ መልሳ እኔን አየች። የተናገርኩት ቀስ እያለ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት።

“የጡት ወንድሜ ነው እኮ። ከእናቱ ጡት ነው የጠባሁት። ሽማግሌዎቹ አልነገሩህም?”

ሕፃን ሆና የጨፋ ወባ ሲበረታ አባቷ እሷንና እናቷን ይዘው ደጋ ወጥተው እነጌታነህ ቤት አስጠግተዋቸው ነበር። እናቷ እዚያው በወባው ታመው ተኙ፣ ጡታቸው ደረቀ። የጌታነህ እናት ወይዘሮ አስካለ ደግሞ አራስ ነበሩ፤ ሁለቱን አብረው አሳደጉ። በሃይማኖታችን ደግሞ ከአንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው። አይጋቡም፣ ከእሱም አትሸፈንም። ለዚህ ነው ከኒካሕ በፊት ሽማግሌዎች ማን ማንን አጠባ ብለው የሚጠያየቁት። የእኔ ሽማግሌ አጎቴ ነበር። ሲነገረው ሰምቷል። አጥቢዎቿ የመንዝ ክርስቲያኖች ስለሆኑና ከእኛ ዘር ጋር ስለማይነካኩ ኧረ ይሁን ብሎ ወደ መህሩ፣ ወደ ጥሎሹ ወሬ አለፈ፤ ለእኔ መንገሩን ረሳው። ዘሃራ አምስት ወር ሙሉ የማውቅ መስሏታል። እኔም ማተቡን ካየሁ በኋላ ወንድሟ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ በአጠገቤ አላለፈም።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ዘሃራ ወደ ዋሻው ተመለሰች፣ እርጥቡን ሻሿን አነሳችና ጸጉሯን ሸፈነች። ከጌታነህ አይደለም፤ ከእኔ ነው። በሃይማኖታችን የመጠበቂያ ጊዜዋ እስኪያልቅ ገና ሚስቴ እንደሆነች፣ ያን ያህል መሸፈን እንደማይጠበቅባት ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ሸፈነች።

ጌታነህ የሆነው ነገር ሙሉ በሙሉ አልገባውም። መሽቶብናል፣ እናቴ ትጨነቃለች ብሎ መራን። ቤቱ ስንደርስ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ በር ላይ ተቀበሉን። ሚስትና ልጆች። በመንገድ ሙሉ አንድ ጊዜ ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ዓይናቸው ደክሟል። አማቼ የቱ ነው ብለው ፊቴን በመዳፋቸው ዳሰሱኝ። በግ አስጎትተው እናንተው በእጃችሁ ባርካችሁ እረዱ አሉን፤ ለዘሃራ አባት ለይተው ያስቀምጡት የነበረውን ድስትም ከጓዳ አወጡ። ከዚያ ዘሃራን አጠገባቸው አስቀምጠው የሚያወሩት ያለፈውን ሆነ። ግራ ጡቴን ለእሷ ብሰጥ ጌታነህ አይሆንም ብሎ በጥፍሩ ቧጠጣት፣ ግንባሯ ላይ ያለችው ምልክት የእሱ ናት እያሉ ሳቁ። ጌታነህም፣ ቀናተኛ ነበርኩ፣ አሁን ትቼዋለሁ ብሎ ወደ እኔ ጥርሱን አሳየኝ። የምስቅበት ፊት አልነበረኝም።

ኡመር ጆሮዬን ያዘኝና በል ሳይውል ሳያድር መልሳት አለኝ። ዘሃራን ደጅ ጠርቼ አጥፍቻለሁ፣ ማሪኝ አልኳት።

“መመለሱ በአንተ እጅ ነው፣ መልሰኝ” አለች። “እኔ ግን ልቤ እስኪመለስ አትቸኩልብኝ።”

ኡመር ምስክር ሆኖ መለስኳት። ቀሪውን ሁለት ቀን ዞርን፤ ቀይ ቀበሮ ሁሉ አይተናል። ዘሃራ ከራህመት ጋር ሄደች፣ እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ ተከተልኩ። ሻሿን እኔ ፊት መልሳ የፈታችው ከሚሴ ከገባን ከወር በኋላ ነው።

እንደተመለስን አንድ ሸኽ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። መልሰሃታል፣ ሚስትህ ናት አሉኝ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። ያወጣሃት ቃል ግን አትመለስም፤ ለባል ከተሰጡት ሦስት የፍች ቃሎች አንዷ ሄዳለች፣ በእጅህ የቀሩት ሁለት ናቸው፣ ሦስተኛዋ ከወጣች መመለስ የለም አሉ። አጎቴን ተቆጣሁት፣ እሱም ይቅርታ ጠየቀ። ያችን ቃል ያወጣው ግን የእሱ አፍ አይደለም።

ዛሬ አራት ልጆች አሉን። ጌታነህ በየዓመቱ ባና ይዞልን ይወርዳል፤ ልጆቼ አጎቴ እያሉ ይጠመጠሙበታል። ከዘሃራ ጋር ተቀምጠው ሲሳሳቁ እስከ ዛሬ እቀናለሁ፤ አልዋሽም። ያኔ የቀናሁት ይወስድብኛል ብዬ ነበር። አሁን የምቀናው በሌላ ነው። እነሱን ያገናኘው የሕፃንነት ጡት ነው፤ ቢጣሉም፣ ቢረጋገሙም የሚፈታው ቃል የለም። የእኔና የእሷ ግን ይፈታል፣ አንዷንም ጨርሻታለሁ። በተናደድኩ ቁጥር ጥርሴን ነክሼ ከቤት እወጣለሁ።

ዘሃራ ባሌ ንዴቱን ተወ እያለች ለሰው ታመሰግነኛለች። አልተውኩም፤ እየፈራሁ ነው።