ያልገባው ጠመኔ ይያዝ

እኔ ድሮም አፌ አያርፍም። እናቴ «የዚችን ልጅ ምላስ የሚያስታግስ ጌታ ብቻ ነው» ትል ነበር። ክፍል ስገባ ግን ያ ምላስ ድራሹ ይጠፋል! አርባ ምንጭ አሥረኛ ክፍል ስንማር ሂሳብ የሚሰጠን በፕላዝማ ነበር። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ያዥጎደጉደውና «ገባችሁ?» ይላል፤ እኛም በአንድ ድምፅ «አዎ!»። ምን እንደገባን እግዜር ይወቀው።

እኔ ደግሞ መውደቅ አልችልም። የኦቾሎ መንደር ልጅ ነኝ፤ አባቴ ሸማኔ ነው፤ ከተማ ልኮ፣ ቤት ተከራይቶ ማስተማር የሚችለው አንድ ልጅ ብቻ ነው። «ካለፍሽ ትቀጥያለሽ። ከወደቅሽ መጥተሽ ጥጥ ትፈትያለሽ፤ ተራው የእህትሽ ነው» ብሎኛል። ታናሽ እህቴ ስምንተኛን ልትጨርስ ነበር፤ መንደራችን ውስጥ ከዚያ በላይ ክፍል የለም።

የሂሳብ መምህራችን ከጎጃም የመጡ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን መብራት ሄደና ፕላዝማው ጠፋ። በደስታ ጮህን፤ ደብተራችንን ሰብስበን ልንወጣ ስንል «ቁጭ በሉ» አሉ። «ያልገባው ይነሳ።»

ማንም አልተነሳም።

«እኔ እዚህ አገር ብዙ ኖሬያለሁ» አሉ። «አባቶቻችሁ ዱቡሻ ላይ፣ በመንደሩ መሰብሰቢያ አደባባይ፣ ተሰብስበው ሲመክሩ፣ ያልተስማማ ሰው እያለ ጉዳይ ይዘጋሉ?»

«ኧረ አይዘጉም ቲቸር!»

«ታዲያ እናንተ ለምን ትዘጋላችሁ? ከዛሬ ጀምሮ ያልገባው ጠመኔ ይያዝ። እሱ ገባኝ እስኪል ማንም አይወጣም።» ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሄደው መጨረሻ ወንበር ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀመጡ።

ተነሳሁ። ጠመኔውን ያዝኩ። ሴት ልጅ ዱቡሻ ላይ ቆማ ስትናገር ማን አይቶ ያውቃል! «ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል?» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ይሄማ የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ነው።

«ሕጉ ነዋ!» አለ ከክፍላችን አንደኛ የሚወጣው ልጅ።

«ማን ያወጣው ሕግ?»

ደብተሩን ማገላበጥ ጀመረ። ሳቁም ቆመ። የምሳ ደወል ተደወለ፤ «በናትሽ ገባኝ በይና እንውጣ» ይሉኛል፤ እኔ እቴ! አይኔን ወደ መምህሩ ብወረውር አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ያዩኛል እንጂ ቃል አይተነፍሱም። መጨረሻ ላይ ከገረሴ የመጣች ዝምተኛ ልጅ «እስቲ ከምናውቀው ጀምሪ» አለችኝ። ሁለት በኔጌቲቭ ሦስት ሲባዛ ኔጌቲቭ ስድስት፤ ሁለቱ አንድ ሲሆን ኔጌቲቭ ሦስት፤ ዜሮ ሲሆን ዜሮ። በሦስት በሦስት እየወጣ ነው! ቀጥሎ ኔጌቲቭ አንድ በኔጌቲቭ ሦስት። እጄ ራሱ ሦስት ብሎ ጻፈ።

«ውይ! ገባኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ ክፍሉም አብሮኝ ጮኸ። እሳቸው ተነሱ፣ ሱሪያቸውን አራገፉና ወደ ምሳቸው ሄዱ። የሚያውቁትን መልስ እንዲያ ውጦ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ እኔም አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። ዛሬም ሳስባቸው ልቤ ይሞላል።

ከዚያ በኋላ መብራት ኖረም አልኖረም ጠመኔው ከእጃችን አልወጣም። የአሥረኛ ክፍል ፈተናውንም አለፍኩ።

ኦቾሎ ስመለስ ዘመድ ተሰብስቦ መረቀኝ። አባቴም «እንግዲህ ጉዳዩ አለቀ» አለ፤ «አንቺ ትቀጥያለሽ፤ እህትሽ እዚሁ ትረዳናለች።» ሁሉም አሜን አለ። እህቴ ጥግ ተቀምጣ ትፈትላለች፤ ቀና አላለችም። አንጀቴን በላችው።

ተነሳሁ። «አባዬ፣ እኔ አልተስማማሁም።»

«ኪራዩ የቤት ነው እንጂ የሰው አይደለም» አልኩ። «የምተኛበት አልጋ ለሁለት ይበቃል። ቆሎውንም እንካፈላለን።» አባቴ «አለቀ» ያለውን ጉዳይ እንደገና ከፈተ። ያልተስማማ ሰው እያለ ጉዳይ እንደማይዘጋ ከእኔ በላይ እሱ ያውቃል።

መስከረም ላይ በአንዷ አልጋ ሁለት ሆነን ተኛን። ትምህርት በተጀመረ ሰሞን እህቴ ከትምህርት ቤት ዘግይታ መጣች፤ እጇ እስከ ክርኗ በጠመኔ ነጭ ሆኗል።

«ምነው ቆየሽ?» አልኳት።

«ዛሬ ክፍሉን በሙሉ ምሳ ያስረፈድኩት እኔ ነኝ!» አለች እየሳቀች።