ሾፌሩ ጋ

ከአዳማ ወንጂ የሚሄደውን የአውቶቡስ መስመር የከፈትኩት እኔ ነኝ። አስፋልቱ ሳይመጣ፣ ከእኔ በፊት፣ በዚያ መንገድ በሰዓቱ የሚደርስ መኪና አልነበረም። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት ሰው እስኪሳፈር ስጠብቅ ከሱቅ ታፔላ ላይ ነው። ኦሮምኛውንም ከተሳፋሪዎቼ ተማርኩት። ዛሬ በሁለቱም ቋንቋ ተከራክሮ የሚረታኝ ሰው አላጋጠመኝም፤ ባለቤቴን ሳልጨምር።

ማታ አውቶቡሷን ከከተማው ዳር፣ ቤቴ በር ላይ አሳድራት ነበር። ጠዋት ሞተር ሳስነሳ ሸንኮራ ቆራጩ፣ አትክልት ቸርቻሪዋ፣ ተማሪው ይሰበሰባል። ማንም ሳያዝዝ የቤቴ በር ፌርማታ ሆነ። ሕዝቡም «ሾፌሩ ጋ» አለው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ስሙ አልተለወጠም። ረዳቱ «ሾፌሩ ጋ ወራጅ አለ?» ሲል በረንዳዬ ላይ ሆኜ መስማት ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለውን አልወድም የሚል ሰው ካለ ይዋሻል።

ዘንድሮ አንድ ወጣት የትራንስፖርት ሠራተኛ የሰፈሩን ሰው ሰበሰበና ፌርማታው ከእኔ በር ተነሥቶ ዳገቱ ላይ፣ አዲሱ ጤና ጣቢያ በር ላይ ይሁን አለ። ተነሣሁ። ሰው የጫነ አውቶቡስ ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት እንደሚከብደው፣ ፍሬን እንደሚበላ አስረዳሁ። በደንብ ነው የተናገርኩት።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ለመርፌ በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ።

«አያ ሾፌር፣ ዳገቱ አውቶቡሱን ይከብደዋል አልክ። እኔንስ?»

«እርስዎማ ገና ልጅ ነዎት።»

«እንግዲያው ና እዘለኝ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ያንን ዳገት በእግሬ ከወጣሁት ቆይቻለሁ። ግን ተረትቶ የሚቀመጥ ሰው ስላልሆንኩ ወጣቱን «ፌርማታው ይነሣ፤ ሆኖም ከጤና ጣቢያው በር አለፍ ብሎ ለጥ ያለው ሜዳ ላይ ይሁን፣ ፍሬኑም አይበላም» አልኩት። ተስማማ። ስለዚህ ፌርማታውን ያዛወርኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል።

በሳምንቱ «ጤና ጣቢያ» የሚል ታፔላ ተተከለ።

«እንግዲህ ስሜ ቀረ» አልኳት ባለቤቴን።

«አንተ ከመወለድህ በፊትም አገሩ ነበር» ብላ ራቴን አቀረበች።

ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ ቤቴን እያለፈ ሲሄድ በረንዳው አላስቀምጥ አለኝ። ባለፈው ግን ከገበያ በአውቶቡስ ስመለስ ሕፃን ያቀፈች እናት አጠገቤ ተቀመጠች። ለሰፈሩ እንግዳ ናት።

«አባባ፣ ሾፌሩ ጋ ስንደርስ ይነግሩኛል? ልጄን ላስከትብ ነው።»

«የቱ ጋ ነው እሱ?» አልኳት ወደ እሷ ዞር ብዬ።

«ጤና ጣቢያው በር ላይ ነው አሉኝ።»

ሕዝቡ ስሜን ከፌርማታው ጋር ይዞት ዳገቱን ወጥቷል።

«ለምን ሾፌሩ ጋ አሉት ግን? ማን ነው ሾፌሩ?» አለች።

መንገዱ ረጅም ስለሆነ ከመጀመሪያው ጀመርኩላት። ሕፃኑ መሀል ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ እሷ ግን እያዛጋችም ቢሆን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ስንደርስ አብሬያት ወረድኩ። ከዚያ እስከ ቤቴ ቁልቁለት ነው።