የተረከዝ ድንጋይ

የወንድሜ ሚስት ደብረ ብርሃን ካለ የውበት ዕቃ መሸጫ የተረከዝ መፈግፈጊያ ድንጋይ ገዝታ መጣች። ማረሻ የሚሰብር ድንጋይ በሞላበት አገር፣ ድንጋይ በላስቲክ ታሽጎ ተሸጠላት። በዚህ ብርድ ካልሲ ስለማታወልቅ ደግሞ ተረከዟን ከወንድሜ በቀር የሚያየው የለም።

እኔ አንኮበር ከእናቴ ቤት ካብ ላይ ባነሳሁት ሻካራ ድንጋይ እግሬን ስፈገፍግ አሥር ዓመቴ ነው። የእሷ በወሩ ተፈርፍሮ አለቀ።

አንድ ቅዳሜ እግሬን ስታጠብ መጥታ የእኔን አንስታ አገላበጠችው።

«ይሄስ ጥሩ ነው፤ የት ገዛሽው?» አለችኝ።

ከካብ ላይ ነው ብላት ተረከዟን አታስነካውም።

«አዲስ አበባ ነው፤ ውድ ነው። ከፈለግሽ ውሰጂው» አልኳት።

የእናቴን አጥር ድንጋይ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።