ለፈሪዋ እህት የመጣ ንፍሮ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ እናቷ ሞተውባት ለቅሶ ተቀምጣ ነበር። ድንኳኑ ሰው ሞልቶታል። እንደ ልማዴ ከዳር ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ልጅ ደረቷን እየመታች ጮኸች፤ ዝም በይ ያላት የለም። ቀናሁባት። ለቅሶ ላይ ሰው ይቀናል?

በደርግ ጊዜ ከገነተ ማርያም አጠገብ ከእናቴ ጋር ብቻ እንኖር ነበር። ታላቅ ወንድሜ አበባው ጫካ ገብቶ፣ ገብሱ ሊታጨድ ሲል መሞቱ ተሰማ። የቀበሌው ሊቀመንበር ደጃችን ድረስ መጥቶ፣ «ለወንበዴ ለቅሶ የለም። እንባ ባይባችሁ ሁለታችሁንም አስራለሁ» አለን። ከዚያ ወዲህ ሰው ራቀን። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው ይሄዱብኛል። እናቴ እንጨት ለቀማ እየወጣች ገደል ሥር ብቻዋን እንደምታለቅስ ዓይኗ ይነግረኝ ነበር።

ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ትምህርቴም በዚያው አበቃ። መምህራችን ለወላጆች ቀን ከባሕር ማዶ የመጣ ጥንታዊ ቲያትር አዘጋጀ። ንጉሡ የአንድ ሟች ሬሳ እንዳይቀበር ይከለክላል፤ ከሟቹ ሁለት እህቶች አንዷ እቀብረዋለሁ ስትል ሌላዋ ትፈራለች። መምህሩ ለሊቀመንበሩ «የፊውዳል ግፍ የሚያሳይ ነው» ብሎ አስፈቀደ። የፈሪዋን ንግግር ለኔ ሰጠኝ።

«ለምን እኔ፣ ቲቸር?»

«አንቺማ ልምምድም አያስፈልግሽ! ስምሽን ስትጠሪ እንኳ ትንቀጠቀጫለሽ።»

ልጆቹ ሳቁ። ስለ ወንድሜ ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

በቀኑ ሊቀመንበሩ ፊት ወንበር ላይ፣ እናቴ ከኋላ በሩ ሥር ተቀምጠዋል። «ወንድሜ ነው፤ ግን እፈራለሁ። በሬን ዘግቼ እቀመጣለሁ» ማለት ነበረብኝ። «ወንድሜ ነው» እንዳልኩ እንባዬ መጣ። የቀረውን እየተንሰቀሰቅሁ ጨረስኩት። ከኋላ እናቴ «ወይኔ ልጄን!» አለች። ሴቶቹ ሁሉ ተከተሏት፤ አዳራሹ ለቅሶ ሆነ።

ሊቀመንበሩ ዞር ሲል መምህሩ ቀደም ብሎ፣ «ጓድ፣ ቲያትር ሲያምር እንዲህ ያስለቅሳል» አለው። ሰውዬው ትንሽ አመነታና አጨበጨበ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታችን እማማ ውዴ የመንደሩን ሴቶች አስከትለው፣ በሰፌድ ንፍሮ ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። የቀበሌው ጥበቃ መንገድ ላይ አስቆማቸው።

«ወዴት ነው?»

«ልጅቱን እንኳን ደስ ያለሽ ልንል ነዋ! ጎበዝ ተጫውታ የለ እንዴ?»

«በንፍሮ?»

«ታዲያ ሙክት ከየት እናምጣ፣ አንተ ትሰጠናለህ?»

ገብተው መሬት ላይ ተቀመጡ። ለእናቴ ከትኩሱ ባቄላ ዘግነው ሰጧት። ስለ ቲያትሩ አንዳቸውም አላነሱም። እማማ ውዴ ብቻ ቀስ ብለው፣ «ነፍስ ይማር» አሉ። እናቴ ያን ቀን እህል ቀመሰች።

አሁን እናቴም የለች፤ ቤቱ ጭር ብሏል። አንዳንዴ ያችን የቲያትር እህት አስባታለሁ። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ደፋሯን ነው። ሌላይቱ በሯን ዘግታ ምን ስትሆን እንደዋለች ግን የጠየቀ ያለ አይመስለኝም። ፈሪዋም እኮ የሞተባት ወንድሟ ነበር።